ኪኒኑን የሸጠው ልጅ በሰው ሞት ይጠየቃል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ታናሽ ወንድሜ 23 ዓመቱ ነበር። ከሦስት ወር በፊት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሲቅም ዋለ። ማታ ለጨብሲ አረቄ ጠጡ። በመሐል ከሰፈር ልጅ ኪኒን ተገዝቶ መጣ። ትራማዶል ነው ይላሉ። ሌሊት በኃይል ሲያንኮራፋ ነበር አሉ። ጓደኞቹ ‹ተኝቷል› ብለው ተዉት። ጠዋት ሞቶ ተገኘ፣ በዚያው ቀን ከዙህር በኋላ ቀበርነው። ሻጩ ተይዟል፤ የተያዘው ግን ኪኒን ሸጠ ተብሎ ብቻ ነው። አሜሪካ እንዲህ ያለው ሰው በነፍስ ግድያ እንደሚከሰስ ሰምቻለሁ። እኛ አገርስ? አንደኛው ጓደኛው ደግሞ ለቅሶ እንኳ አልመጣም። ምን እናድርግ?»

አላህ ይዘንለት እህቴ። ለእናታችሁም ሰብሩን ይስጣት።

ደሴ ውስጥ ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ጠበቃ ነኝ። ስለዚህ ጥያቄዎን ከሁለቱም ወገን ሆኜ አየሁት፤ ከከሳሹም፣ ከተከላካዩም።

አጭሩ መልስ ይኸው። ሻጩ በወንድምዎ ሞት ሊጠየቅ ይችላል። ነገር ግን «አስቦ ገደለ» ተብሎ ሳይሆን፣ ቢበዛ «በቸልተኝነት ገደለ» ተብሎ ነው። እሱም ቢሆን በቀላሉ የሚሳካ ክስ አይደለም። የማይወዱትን አንድ ነገርም ልጨምር። ይህን ክስ ገፍተው ሲሄዱ፣ ከሻጩ ጎን ተከሳሽ ሆኖ የሚቆመው የወንድምዎ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ የሰሙትን የአሜሪካ ነገር እንጨርሰው።

እዚያ ነገሩ የተጋጋለው በአንድ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሞት ነው። ሌን ባያስ ይባላል። ለሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1986 ቦስተን ሴልቲክስ መረጠው፤ ከአገሩ ወጣት ተጫዋቾች ሁሉ ሁለተኛው ተመራጭ ሆኖ። ሁለት ቀን ቆይቶ በኮኬይን ሞተ። አገሩ ተናወጠ። ምክር ቤቱ ዓመቱ ሳያልቅ ሕግ አወጣ። ዕፅ ያከፋፈለ ሰው፣ በዚያ ዕፅ ሰው ከሞተበት፣ መነሻ ቅጣቱ 20 ዓመት እስራት ሆነ። ጣሪያው ዕድሜ ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸውን ተመሳሳይ ሕግ ጨመሩ። በአንዳንዶቹ ሻጩ «ይሞታል ብዬ አላሰብኩም» ቢል አይጠቅመውም። መሸጡና መሞቱ ከተረጋገጠ በቂ ነው።

የሚገርመው ነገር አለ። ለባያስ ኮኬይኑን ሰጠ ተብሎ የተከሰሰው ጓደኛው ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1987 በነፃ ተለቀቀ። ሕጉን ያስወለደው ሞት ራሱ ማንንም አላስቀጣም።

የዚያ ሕግ ትልቁ ፈተና የመጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። አዮዋ ውስጥ አንድ የቆየ ተጠቃሚ አንድ ግራም ሄሮይን ገዝቶ ሞተ። ሻጩ፣ ቡሬጅ የሚባል ሰው፣ 20 ዓመት ተፈረደበት። ነገር ግን በሟቹ ደም ውስጥ የተገኘው ሄሮይን ብቻ አልነበረም። ሌሎች መድኃኒቶችም ነበሩ። የቀረቡት ባለሙያዎች «ሄሮይኑ አስተዋጽኦ አድርጓል» አሉ። «ሄሮይኑን ባይወስድ ኖሮ ይተርፍ ነበር» ማለት ግን አልቻሉም። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኞቹ ያለ ልዩነት እንዲህ ወሰኑ፦ አስተዋጽኦ ማድረግ አይበቃም። ያ የተሸጠው ዕፅ ባይኖር ሰውየው አይሞትም ነበር መባል አለበት። የ20 ዓመቱ ቅጣት ተነሳ።

ይህን ያነሳሁት ለወሬ አይደለም። የወንድምዎ ነገር ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ችግር አለው። ጫት አለ፣ አረቄ አለ፣ ኪኒን አለ። የትኛው ገደለው?

እንግሊዞች ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዱ። አንድ ሰው ሄሮይን በመርፌ ሞልቶ ለሌላው ሰጠው። ተቀባዩ በገዛ እጁ ወጋ፣ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጨረሻው ፍርድ ቤታቸው ሰጪው በሰው መግደል አይጠየቅም አለ። ሟቹ አዋቂ ነበር፣ ማንም አላስገደደውም፣ ራሱ ፈቅዶ ራሱ ወጋ። የሰጪው ጥፋት ዕፅ ማቅረቡ ነው፣ በእሱ ይቀጣ አሉ። ቤተሰብ ሲሰማው እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ። ተከላካይ ጠበቃ ግን እዚህም የሚያነሳው ይህንኑ ነው። «ጉሮሮውን ከፍቶ አላዋጠውም» ይላል።

አሁን ወደ እኛ።

በእኛ የወንጀል ሕግ «ዕፅ ሸጦ ሰው የሞተበት» የሚል ለብቻው የተቀረጸ የግድያ ወንጀል የለም። ያለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው። ሥራ ላይ የዋለው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ከዚያ ውስጥ የሚስማማውን አንቀጽ መፈለግ አለበት።

አንቀጽ 538 ሰውን መግደል በማናቸውም መሣሪያ ወይም ዘዴ ሊፈጸም ይችላል ይላል። ስለዚህ ኪኒን ጥይት አይደለም የሚለው መከራከሪያ ብቻውን ሻጩን አያድነውም። በሩ ክፍት ነው። ጥያቄው በየትኛው በር ይገባል ነው።

አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። እዚህ ለመግባት ሻጩ ሊገድል አስቦ፣ ወይም «ቢሞትም ይሙት» ብሎ መሸጥ አለበት። ልብ ይበሉ፣ ሁለተኛውም እንደ አሳብ ይቆጠራል። ግን ማስረዳት ይከብዳል። ሻጭ ደንበኛው እንዲሞት አይፈልግም፤ ነገ ተመልሶ እንዲገዛው ነው የሚፈልገው። ዳኛም ይህን ያውቃል።

የሚቀረው አንቀጽ 543 ነው፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል። እርስዎም ሳያውቁት አይቀሩም፤ የሾፌሮች አንቀጽ ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ሲወርዱ ያስቡት። አንድ አይሱዙ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ሰው ገጨ። ሾፌሩ ጥፋቱ ቀላል ከሆነ በንዑስ አንቀጽ 1 ወይም 2 ይጠየቃል። በመጀመሪያው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። እንደ ሐኪምና ሾፌር የሰውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ ላለበት ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው፣ መቀጮም አለበት። ነገር ግን ሾፌሩ ምልክቱ 30 እያለው ሆን ብሎ 70 ሲነዳ ከነበረስ? ያኔ ንዑስ አንቀጽ 3 ይመጣል። ግልጽ የሆነ ደንብ አውቆ የጣሰ፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል።

እኔ ዐቃቤ ሕግ ብሆን የምሞክረው ይህችን ሦስተኛዋን ነው። ክርክሬም እንዲህ ይሆናል። ያለ ፈቃድ መድኃኒት መሸጥ በግልጽ የተከለከለ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ያን ይላል። በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ሰፈር ውስጥ በፍሬ መሸጥ ሐረጎ ላይ 70 ከመንዳት በምን ይለያል? ደንቡ የወጣው እኮ ሰው እንዳይሞት ነው። ዳኛው ይቀበለኛል ብዬ አልምልልዎትም። ግን ሊሰማኝ ይገባል።

ሻጩ አደጋውን ሊያውቅ ይገባው ነበር ለማለት ቁጥርም ይረዳል። የተለመደው የትራማዶል ፍሬ 50 ሚሊግራም ነው። አዋቂ ሰው፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ በቀን ከ400 ሚሊግራም እንዲያልፍ አይፈቀድለትም። ስምንት ፍሬ ማለት ነው፤ ያውም ተከፋፍሎ፣ ያለ አልኮል። ሻጩ ለሦስት ሰካራሞች ስንት ፍሬ ነው የሰጠው? አረቄ እየጠጡ መሆኑን አይቷል? ከዚህ በፊት ሌላ ደንበኛ ወድቆበት ያውቃል? «ተጠንቀቅ» ያለው ሰው ነበር? የቸልተኝነት ክስ የሚቆመው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው የሚገድለው ፈንታኒል ነው። ከሞርፊን 100 እጥፍ የሚበረታ ነገር ነው። 2 ሚሊግራም፣ ጥቂት የጨው ቅንጣት የምታክል፣ ሰው ልትገድል ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያ ከ100 ሺህ በላይ ሰው በዕፅና በመድኃኒት ብዛት ሞቷል። ያን የሸጠ ሰው «አደገኛ መሆኑን አላወቅኩም» ቢል የሚያምነው የለም። ትራማዶል ግን ሐኪም ለቀዶ ሕክምና ቁስል የሚያዘው ማስታገሻ ነው። የእኛ አገር ሻጭ «የራስ ምታት ኪኒን መስሎኝ» ይላል። ስለዚህ የእነሱን ክስ እንዳለ ገልብጦ እዚህ ማምጣት አይሰራም።

እሺ፣ አንቀጹ ተገኘ እንበል። አሁን የሚከብደው መጣ።

አንቀጽ 24 የምክንያትና የውጤትን ነገር ይደነግጋል። ሞቱ የተከሳሹ ድርጊት ውጤት ካልሆነ ወንጀሉ አልተፈጸመም። ድርጊቱ በተለመደው አካሄድ ያን ውጤት የሚያስከትል ከሆነ ግንኙነቱ አለ ተብሎ ይገመታል። በመሐል ሌላ ምክንያት ከገባና ያ ምክንያት ብቻውን ለመግደል በቂ ከሆነ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

የሻጩ ጠበቃ መጀመሪያ አረቄውን ያነሳል። «አረቄ ብቻውን አይገድልም ወይ?» ይላል። ይገድላል። ቀጥሎ ጓደኞቹን ያነሳል። «ሆስፒታል ቢወስዱት ይድን አልነበረም ወይ?» ይላል። ለሁለተኛው መልስ አለኝ፤ አለመርዳት ብቻውን ሰው አይገድልም፣ ገዳዩ ቀድሞ ሆድ ውስጥ ገብቷል። ለመጀመሪያው ግን መልሱ ያለው ደም ውስጥ ነው። ደም ደግሞ አልተወሰደም።

ይህን ስጽፍ የራሴ አንድ መዝገብ ትዝ ይለኛል። ዐቃቤ ሕግ በነበርኩበት ጊዜ ተመሳሳይ ጉዳይ መጣልኝ። ወጣት ልጅ ነው፣ ኪኒንና መጠጥ ነው። ቤተሰቡ ነገሩ እንዳይወራ ፈልጎ «ልቡ ነው» አለ። ወዲያው ተቀበረ። ከአንድ ወር በኋላ አጎቱ እውነቱን ይዞ መጣ። ሻጩ ታውቋል፣ ምስክር አለ፣ ሁሉም ነገር አለ። የአስከሬን ምርመራ ብቻ የለም። የሞት ክሱን መመስረት አልቻልኩም። ሻጩ ያለ ፈቃድ መድኃኒት በመሸጥ ብቻ ተቀጣ። አጎትየው ከቢሮዬ ሲወጣ በሩን አልዘጋውም። እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

ቤተሰቡን አልወቅስም። ወሎ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሬሳ አያሳድርም። ልጃቸው እየጠጣ መሞቱን መግለጥ ለብዙ ቤት ሁለተኛ ሞት ነው። ምርመራውም ቀላል አይደለም። ለረጅም ዘመን እንዲህ ያለ የአስከሬን ምርመራ ሲያስፈልግ ሬሳው አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይወሰድ ነበር። 400 ኪሎ ሜትር። ሐዘንተኛ ቤተሰብን «ልጃችሁን አዲስ አበባ ልኬ ከሰሞኑ እመልሳለሁ» ብለው ይሞክሩት።

አስከሬኑን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከመቃብር ማውጣት ይቻላል። ሊጠይቁኝ እንደሆነ ገብቶኛል። የእኔ ምክር ግን አይግፉበት ነው። ከሦስት ወር በኋላ ደም የለም። ከሌላ አካል የትራማዶል ምልክት ቢገኝ እንኳ «ወስዶ ነበር» ይላል እንጂ «ይህ ነው የገደለው» አይልም። መውሰዱን ደግሞ ምስክሮቹ ይነግሩናል። እናታችሁን ለዚያ ብሎ እንደገና መቃብር አጠገብ ማቆም ያስቆጫል።

ይልቅ ያለውን ማስረጃ ይሰብስቡ። የወንድምዎን ስልክ ለማንም እንዳይሰጡ፣ ፎርማት እንዳይደረግ። ገንዘቡ በቴሌብር ተከፍሎ ከሆነ ሰዓቱና መጠኑ እዚያ አለ። የቴሌግራም መልእክትም ሊኖር ይችላል። የኪኒኑ ባዶ ማሸጊያ የተገኘ እንደሆነ አይነካካ፣ በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ ለመርማሪው ይሰጥ፤ ሲያስረክቡም ይፈርሙ፣ ያስፈርሙ።

ከሻጩ እጅ የተያዘው ኪኒን ለላቦራቶሪ መላኩንም ይጠይቁ። ይህ ተራ ነገር አይምሰልዎ። «ትራማዶል ነው ይላሉ» ብለው ጽፈውልኛል። ፍርድ ቤት «ይላሉ» አይሰማም። ከዚህም በላይ፣ ትራማዶል እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ የለም። ሻጩ በዕፅ ዝውውር አንቀጽ 525 ነው የሚከሰሰው ወይስ በመድኃኒት አዋጁ የሚለው ክርክር የሚፈታው በላቦራቶሪው ውጤትና የአገራችን መድኃኒት ተቆጣጣሪ በሚያወጣው ዝርዝር ነው። የአንቀጹ መለያየት የዓመታት እስራት ልዩነት ያመጣል። ክስ ተመስርቶ ቢሆን እንኳ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ማሻሻል ይፈቀዳል። ስለዚህ አልዘገዩም።

አሁን ወደ ጓደኞቹ። መጀመሪያ ላይ ያልኩት ይህን ነው።

በጥያቄዎ ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩ። «ኪኒን ተገዝቶ መጣ» ይላል። ማን ገዛው? ማን ይዞት መጣ? የማን ብር ነበር?

ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ተነስቶ ይሄዳል፣ ለሦስቱም ገዝቶ ይመጣል። ለእኛ ዓይን ጓደኛ ነው። ለሕግ ዓይን ግን ለሌላ ሰው የገዛና ያደለ ሰው ነው። አሜሪካኖቹ ሕጉን ያወጡት ለትልልቅ አዘዋዋሪዎች ነበር። በተግባር ግን ከተከሰሱት ብዙዎቹ አብረው ሲወስዱ የነበሩ ናቸው፤ ጓደኛ፣ የፍቅር ጓደኛ፣ ወንድም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትልቁ አዘዋዋሪ ሟቹ ቤት አይገኝም። ሬሳው አጠገብ የሚገኘው ጓደኛ ነው። የታዋቂ ሰው ሞት ሲሆን እንኳ እንዲሁ ነው። ተዋናዩ ማቲው ፔሪ እ.ኤ.አ. በ2023 በኬታሚን ሲሞት አምስት ሰዎች ተከሰሱ። ከአምስቱ አንዷ ሻጭ ነበረች። ሁለቱ ሐኪሞች ነበሩ። አንዱ ደግሞ የራሱ የቤት ረዳት ነበር።

መዘዙ ከዚያ ይብሳል። ጓደኛው «በግድያ እከሰሳለሁ» ብሎ ከፈራ አምቡላንስ አይጠራም። ይሸሻል። አሜሪካኖች ይህን አይተው ሌላ ሕግ ጨመሩ፤ እርዳታ የጠራ ሰው ዕፅ በመያዝ እንዳይከሰስ። ኒው ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2007 ጀመረች፣ ሌሎቹ ተከተሉ። ብዙዎቹ ሕጎች ግን ከለላ የሚሰጡት ዕፅ ለመያዝ ነው እንጂ በሞቱ ለሚመጣ ክስ አይደለም። በአንድ እጅ «ጥራ» ይላሉ፣ በሌላው ሰንሰለት ይዘው ይጠብቃሉ። እኔ እንደ ሞኝነት ነው የማየው።

የእኛ ሕግ የመጣው በተቃራኒው በኩል ነው። አንቀጽ 575 አለ። ሕይወቱ በከባድና ቅርብ አደጋ ላይ ያለን ሰው፣ በራስ ላይ አደጋ ሳያመጡ መርዳት እየተቻለ፣ ሆን ብሎ ትቶ መሄድ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ቅጣቱ ቀላል ነው። ግን ወንጀል ነው። «ሆን ብሎ» የምትለዋን ቃል ያስምሩባት። ጓደኞቹ በእርግጥ የተኛ መስሏቸው ከሆነ ይህ አንቀጽ አይነካቸውም። አይተው፣ ፈርተው፣ «ፖሊስ ይመጣብናል» ብለው ትተውት ከሆነ ይነካቸዋል።

እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የተወሰነ አንድ ጉዳይ አለ። ታላቅ እህት ለ16 ዓመት ታናሽዋ ሄሮይን ሰጠች። ልጅቷ ስትዝለፈለፍ አየች። ችግር ይመጣብናል ብላ ሐኪም አልጠራችም። አልጋ ላይ አጋድማ «ይሻላታል» ብላ ጠበቀች። ልጅቷ ሞተች። ፍርድ ቤቱ በመስጠቷ ብቻ ገዳይ አላላትም፤ አደጋውን ራሷ ፈጥራ፣ እያየች ባለመርዳቷ ነው በሰው መግደል የፈረደባት። እዚያው አገር መርፌ ሞልቶ የሰጠው ሰውዬ እ.ኤ.አ. በ2007 ከሰው መግደሉ ክስ ነፃ ወጥቷል፣ አልረሱትም አይደል? ሁለቱን የለያቸው ዕፁ አይደለም። ከዕፁ በኋላ ያሉት ሰዓቶች ናቸው።

የወንድምዎንም ጉዳይ እኔ የማየው እንደዚያ ነው። ኪኒኑ በተሸጠበትና ጎህ በቀደደበት መካከል ምን ሆነ? ሻጩ እስከ ስንት ሰዓት አብሯቸው ነበር? ሲዝለፈለፍ አይቶ ሄደ? ደውለውለት «ውሃ ደፉበት፣ ይነቃል» አላቸው? እንዲህ ያለ ስልክ ካለ ክሱ ሌላ መልክ ይይዛል። የቴሌ ዝርዝር የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ስለ ማንኮራፋቱም ልናገር፤ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን በየመዝገቡ ያየሁት ነገር ነው። ትራማዶልና መሰሎቹ አንጎል ትንፋሽን የሚያዝበትን ኃይል ያዳክማሉ። አልኮል ሲጨመር ይብሳል። ጫቱ ደግሞ ለጊዜው ያነቃና ድካሙን ይደብቃል፤ ሰውየው ደህና የሆነ ይመስለዋል፣ ይጨምራል። ምርቃናው ሲወርድ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጫነዋል። ያ ከወትሮው የተለየ ከባድ ማንኮራፋት፣ ቆም እያለ የሚመለስ ትንፋሽ፣ ሲነቀንቁት አለመንቃት፣ ከንፈር መጥቆር፣ እንቅልፍ አይደለም። በጎኑ አስተኝቶ፣ ባጃጅም ቢሆን ጠርቶ፣ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። ወተት፣ ሎሚ፣ ቡና ማጠጣት የለም፤ ራሱን የሳተ ሰው ወደ ሳንባው ነው የሚውጠው። ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ መድኃኒት አለ። ለትራማዶል በከፊል ነው የሚሠራው። ቢሆንም ሐኪም እጅ ላይ ትንፋሽ በመሣሪያ ይታገዛል፣ ጊዜ ይገኛል።

ይህን ያልኩት በጓደኞቹ ለመፍረድ አይደለም። አንኮራፋ ሲባል «ደህና ተኝቷል» የማይል ሰው ጥቂት ነው።

ስለ ገንዘብ አልጠየቁኝም፤ ሳይጠይቁኝም እናገራለሁ፣ ቀኑ እንዳያልፍ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2095 መሠረት በሰው ጥፋት ለሞተ ሰው ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛና ልጅ ካሣ መጠየቅ ይችላሉ። ወንድምዎ እናታችሁን ይረዳ ከነበረ እናትየው ትጠይቃለች። መደበኛው ጊዜ 2 ዓመት ነው። በወንጀል መዝገቡ ላይ አያይዞ መጠየቅም ይፈቀዳል።

ሽማግሌ መጥቶ ሊሆን ይችላል። አበጋሮቹም፣ የደም አስታራቂዎቹ፣ ቢገቡ አልገረምም፤ የወሎ ደም የሚደርቀው በእነሱ እጅ ነውና። ይስሟቸው። እርቅ ቂም ያደርቃል። ዐቃቤ ሕጉን ግን አያስቆመውም፤ የሰው ሞት የግል አቤቱታ የሚጠብቅ ወንጀል አይደለም። ማንም «ከታረቃችሁ መዝገቡ ይዘጋል» ቢላችሁ እውነት አይደለም። ቃላችሁን እንድትቀይሩ ቢጠይቃችሁ ደግሞ ያ ራሱ ሌላ ወንጀል ነው።

ሻጩ ኪኒኑን ከየት አመጣው የሚለውን መርማሪው እንዲከታተል በጽሑፍ ያመልክቱ። የሰፈር ልጅ ፋብሪካ የለውም። ከፋርማሲ በጓሮ የወጣ ነው፣ ወይ በጅቡቲው መንገድ በኮንትሮባንድ የገባ። ከልጁ በላይ ያለው ሰው ካልተነካ ልጁ ታስሮ ሲመለስ ቦታው በሌላ ልጅ ተይዞ ይጠብቀዋል። ማመልከቻው ምላሽ ካጣ ለበላይ ዐቃቤ ሕግ አቤት ይበሉ።

የቀረው ለቅሶ ያልመጣው ጓደኛ ነው። የእኔ ግምት፣ ኪኒኑን ሄዶ ያመጣው እሱ ነው። ግምት ነው፤ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ከሆነ ግን ስንት ፍሬ እንደተሸጠ፣ ሻጩ ምን እንዳለ፣ ሌሊት ለማን እንደደወሉ የሚያውቀው እሱ ነው። ያለ እሱ ቃል የሞት ክስ የለም። በእሱ ላይ የሞት ክስ ከጠየቁ ደግሞ ቃሉን አይሰጥም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ዝም የማለት መብት ሰጥቶታል። ሁለቱን አንድ ላይ አያገኙም። ሻጩን ነው የምትፈልጉት ወይስ በዚያ ክፍል የነበረውን ሁሉ? ይህን ቤተሰቡ ተቀምጦ ይወስን። እኔ አልወስንላችሁም።

ሻጩን ከሆነ፣ እናታችሁ ሰው ትላክበት። ወቀሳ አይላክበት፤ ይምጣና ይቀመጥ። ቃሉን ለፖሊስ ከመስጠቱ በፊት ግን የራሱን ጠበቃ ያነጋግር። ያ ጠበቃ እኔ ልሆን አልችልም፣ እርስዎን መክሬያለሁና።